የአገር እንቁላል

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ እግሩ ላይ እንቁላል ያለው ግን ከቆመበት አይነቃነቅ፣ እዚያው ሆኖ ይስማኝ። ብርቄ እባላለሁ። ላባዬን እየቀየርኩ ስለሆነ ባሕር መግባት አልችልም። ባሕር ያልገባች ፔንግዊን ዓሣ አታገኝም፤ ዓሣ ያላገኘች አሮጊት ደግሞ ከማውራት ሌላ ምን ሥራ አላት? የማወራላችሁ ግን የሚያስቅ ነገር አይደለም። ከሆነ አምስት ክረምት አልፎታል፤ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የተወለድኩት እዚህ አይደለም። ከዚህ ሦስት ቀን ተዋኝቶ የሚደረስበት፣ ዳርቻው ጥቁር ጠጠር፣ ጀርባው የበረዶ ተራራ የሆነ አገር አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ስም ሲጠራ የሚቆጣ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሰዎች በመርከብ መጥተው አይተውን ነበር። አንገታችን ላይ ያለውን ወርቅማ ቀለም ተመልክተው «ንጉሥ ፔንግዊን» ብለው ስም አወጡልን አሉ፣ ለሁላችንም! እነሱ ምን ቸገራቸው፤ ስም አውጥተው ሄዱ። ንጉሡ ግን አንድ ነበር፤ እሱ አለት ላይ ይቆማል። የቀረነው ጠጠር ላይ እንቆማለን።

እንደምታውቁት እኛ ጎጆ አንሠራም። ባልና ሚስት አንድ እንቁላል ብቻ ነው ያላቸው። እሱንም እግራቸው ላይ አስቀምጠው በሆዳቸው እጥፋት ይሸፍኑታል። አንዱ ሲያሞቅ አንዱ ባሕር ወርዶ ይበላል፤ ሲመለስ ይቀያየራሉ። የሚያሞቀው እስኪተካ ድረስ ጦሙን ይቆማል። በጎረቤትና በጎረቤት መካከል አንድ ምንቃር የሚደርስበት ያህል ቦታ አለ፤ ያን ያለፈ በምንቃር ይወጋል። የጥንቱ ሕጋችን በሙሉ ይኸው ነበር፦ የራስህን አሙቅ፣ የጎረቤትህን አትንካ። በኋላ ሹማምንት መጡና ሕጉ በዛ።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ንጉሡ ከሚቆምበት አለት ሥር የአገር እንቁላል ነበረ። ማን እንደጣለው የሚያውቅ የለም። አሥራ አንድ ነገሥታት አልፈዋል፣ እሱ ግን አልተፈለፈለም። እሱ የተፈለፈለ ዕለት፣ ይሉ ነበር ሹማምንቱ፣ ዓሣው በራሱ ጊዜ ወደ ዳር ይመጣል፤ ጫጩት የሚነጥቁን ቡናማ ወፎች ምንቃራቸው ይዶለዱማል፤ ጥርሳሙ የባሕር አውሬ ሣር መብላት ይጀምራል። መቼ ነው ስንላቸው «ቀርቧል» ይሉናል። አያቴ ጫጩት ሳለችም ቀርቦ ነበር።

እንቁላሉን ንጉሡም ሆነ ሹማምንቱ አያሞቁትም። የሹም እግር መቆሚያ ነው እንጂ ማሞቂያ አይደለም ይባላል። የሚያሞቀው ጠጠር ላይ ከምንቆመው ከእኛ የሚመረጥ ተሸካሚ ነው፤ ጨረቃ በሞላች ቁጥር አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይተካል። መራጩ የእግር መርማሪ ይባላል። እግሩ ረጥቦ አይቶት የሚያውቅ የሌለ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሹም ነው። በመካከላችን እየተንጎራደደ እግራችንን በክንፉ ይለካል። ሰፋ ያለ እግር ሲያገኝ «ሰፊ እግር የአገር ነው» ይላል፤ በቃ፣ ተመረጥክ ማለት ነው። የሚመርጠው ደግሞ ባሏ ባሕር የወረደባትን ወይም ሚስቱ የወረደችበትን ብቻ ነው። ሁለት ሆነው ከቆሙ ምላስ ይበዛል ባይ ነው።

የተመረጠው የራሱን እንቁላል ምን ያደርገዋል? ሁለት እንቁላል በአንድ እግር አይቆምም። ስለዚህ የአደራ ረድፍ የሚባል ቦታ አለ፤ ጠጠሩ ተጠርጎ፣ ቀጥ ያለ መስመር ተሠርቶበት። እንቁላልህን እዚያ መስመሩ ላይ ታኖራለህ፣ ባላደራው ይጠብቅልሃል። ባላደራው ሌባ ነው እንዳትሉ። እንደሱ ያለ ታማኝ አላየሁም። ቡናማዎቹ ወፎች ሲመጡ ይጋደላል፤ አንድ ዓይኑን ያጣው እዚያ ረድፍ ላይ ነው። ግን አያሞቅም። የሌላውን እንቁላል ማሞቅ በሕጋችን ስርቆት ነው። አንዱ ለምኖት ኖሮ «እኔ እንዳይሰረቅ እንጂ እንዳይቀዘቅዝ አልታዘዝኩም» አለው አሉ፣ ዓይኑን ከእንቁላሉ ላይ ሳያነሣ።

ከአደራ ረድፍ ተነሥቶ የተፈለፈለ እንቁላል ሰምቼ አላውቅም። እንቁላሉ እዚያ ቀዝቅዞ የቀረበት ክቡር ይባላል፤ ከአለቱ ሥር፣ ነፋስ ከማይደርስበት፣ በክብ ይቆማል። በክረምት ያን ቦታ ማግኘት ቀላል ጥቅም አይደለም። እኔም ከክቡራኑ አንዷ ነበርኩ።

ከእኔ አንድ ምንቃር ያህል ርቆ፣ ከክቡራኑ ክብ ወዲያ፣ ተገኔ የሚባል ጎልማሳ ይቆም ነበር። የመጀመሪያ እንቁላሉ ነው። ሚስቱ አንጓች ባሕር ከወረደች አሥራ ስምንት ቀን ሆኗታል፤ እሱ ጦሙን ቆሞ ክሳቱ አጥንቱን አውጥቶታል፣ ወሬው ግን አልቀነሰም። እንቁላሉ ሃምሳ ቀን ሞልቶት አራት ቀን ብቻ ቀርቶታል። በዚያ ሰሞን ጫጩቱ ውስጥ ሆኖ መጮኽ ጀመረ። ያኔ ተገኔ ጭራሽ አበደ።

«እትዬ ብርቄ፣ ሰሙት? መለሰልኝ እኮ!»

«እኔ የምሰማው ያንተን ጩኸት ነው። ምናለ ጫጩቱን ብታስተኛው?»

«አንጓች ስትመጣ በድምጿ ያውቃታል፣ ያዩታል።»

እስቅበት ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግን እሱ ሲያንቀላፋ አንገቴን ዘንበል አድርጌ የጫጩቱን ድምፅ አዳምጣለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በማግስቱ ጧት የእግር መርማሪው አጃቢዎቹን አስከትሎ መጣ። በመካከላችን አለፈ፣ ተመለሰ፣ ከተገኔ ፊት ቆመ። ክንፉን ዘርግቶ ለካ። «ሰፊ እግር የአገር ነው» አለ።

ተገኔ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ድምፁ ተሰበረ። «ጌታዬ፣ አራት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው። እየጮኸ ነው። ጎንበስ ይበሉና ይስሙት።»

«አገር አራት ቀን አትጠብቅም።»

«አሥራ አንድ ነገሥታት ጠብቃ የለም እንዴ?»

መርማሪው ወደ አጃቢዎቹ ዞረ። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ምላሱም ሰፊ ነው፣ እሱ ግን አይለካም» አላቸው። ሳቁለት። አጃቢ ሥራው ምን ሆነና።

ተገኔ እንቁላሉን ይዞ እየተንፏቀቀ ወደ አደራው ረድፍ ሲሄድ አየሁት። መስመሩ ላይ ሲያኖረው እጥፋቱን ለማንሳት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ መለሰው። በአራተኛው አነሣው። እንቁላሉ ጠጠሩ ላይ ብቻውን ሆነ። ባላደራው ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቡናማ ወፍ መጠበቅ ጀመረ።

ከዚያ ከአለቱ ሥር፣ በክቡራኑ ክብ መካከል ርክክቡ ተደረገ። የአገር እንቁላል ራቁቱን መታየት ስለሌለበት ሹማምንቱ፣ ንጉሡም ሳይቀር፣ ጀርባቸውን ያዞራሉ። ወራጁ ተሸካሚ እጥፋቱን አንሥቶ ወደ ተገኔ እግር አንከባለለው። ቀና ብሎ ግን አላየውም። ተገኔ ሸፈነው፣ ቆመ። ነጋሪት ቢኖረን ይመታ ነበር፤ የለንምና ሹማምንቱ ደረታቸውን በክንፋቸው መቱ።

ብዙም አልቆየ። ተገኔ በዝግታ ዘወር ብሎ አየኝ።

«እትዬ ብርቄ።»

«ምነው?»

«ይሄ ነገር ሳገላብጠው ውስጡ አይንቀሳቀስም። ሙቀቴን ይወስዳል እንጂ አይመልስልኝም። በአንድ ጎኑ ደግሞ ስለት አለው።»

«ሆድ ይፍጀው» አልኩት። «ዝም በልና ቁም።»

ዝም አላለም። «ድንጋይ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጎበዝ፣ ድንጋይ ነው የምናሞቀው! ልቀቁኝ፣ ልጄን ልውሰድ፣ ገና አልቀዘቀዘም!»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የምትደነግጡት። ሹማምንቱ የሚቆጡ፣ አጃቢዎቹ የሚጠቀጥቁት ይመስላችኋል። አይደለም። ሹማምንቱ ክው ብለው ቀሩ። እነሱ አያውቁም ነበር! አንድ ቀን ተሸክመውት ያውቃሉ? ርክክብ ሲደረግ ጀርባቸውን የሚያዞሩ ናቸው። የእግር መርማሪው ምንቃሩ ተከፍቶ ቀረ። ንጉሡ ከአለቱ ላይ ጎንበስ ብሎ «ምን አለ? ድንጋይ አለ?» ሲል ድምፁ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

መርማሪው ወደ እኛ ወደ ክቡራኑ ዞረ። «እናንተ ተሸክማችሁታል። በእግራችሁ አውቃችሁታል። ንገሩኝ፣ ምንድን ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቅን። ሠላሳ አራት ነበርን። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ የተገኔ እንቁላል ገና ይጮኽ ነበር፣ ከቆምኩበት ይሰማኛል።

«እንቁላል ነው» አለ ከሁላችንም የሚያረጀው።

«እንቁላል ነው» አለች ከአጠገቡ ያለችው። እንዲህ እያለ ክቡን ዞሮ ወደ እኔ ደረሰ።

እኔም «እንቁላል ነው» አልኩ።

ንጉሡ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ሹማምንቱ ደረታቸውን መቱ። ተገኔ ድንጋዩን እግሩ ላይ እንደያዘ ወደ ረድፉ ሊሄድ ሲል ክቡራኑ ገጥመው ቆሙ፣ ደረት ለደረት። ማንም አላዘዘንም። እሱ በእኔ በኩል ሊያልፍ ሞከረ፤ ጎረቤቱ ነኝና የምለቀው መስሎት።

«እትዬ፣ ያውቃሉ አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ። «በእግርዎ አውቀውታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው? ምን አደረግኩዎት?»

«ከአሥር ክረምት በፊት የእኔን እዚያ ረድፍ ላይ አኑሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲጠራኝ ውሏል። ድንጋይ ነው ካልክ እሱ ስለ ምን ሞተ ልበል? እስኪ ንገረኝ፣ ስለ ምን?»

መልሱን አልጠበቅኩም። በክንፌ ገፍቼ ወደ ቦታው መለስኩት። እየገፋሁት የእንቁላሉን ጩኸት እሰማለሁ፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ አንድ ጊዜ ብሎ ብዙ ቆይቶ አንድ ጊዜ። ነፋሱ ከበረዶው ተራራ ይወርድ ነበር። ፀሐይ ዘንበል ስትል ጩኸቱን መስማት አቆምኩ። ዕድሜዬ ነው፣ ጆሮዬ ነው አልኩ። ጆሮዬ ግን ደኅና ነበር።

አንጓች ከባሕር የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፅዋን ከዳር ሆና ለቀቀች፤ ከሺው ጩኸት መካከል ተገኔ ለይቶ መለሰላት። ከባሕር ለተመለሰ ባል ወይም ሚስት መንገድ አይዘጋም፤ ይህ ከሹማምንቱ በፊት የነበረ ነውና ክቡ ተከፈተላት። ዓሣ ጠግባ፣ ደረቷ እያብረቀረቀ ገባች። እግሩን አየች።

«ይኼ የማነው?»

«የአገር ነው።»

«የእኛስ?»

በምንቃሩ ወደ ረድፉ አመለከታት። ሄደች፣ ባላደራውን በደረቷ ገፍታ ጣለችው፣ እንቁላሉን አንከባልላ እግሯ ላይ አወጣችው፣ ሸፈነችው። ከዚያ ጠራችው። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ደግማ ጠራችው። እንዲህ ስታደርግ ብዙ ቆየች። ሕጉን የጣሰች ናት፣ ከረድፉ ያለ ፈቃድ አንሥታለች፤ መርማሪው እንኳ ሊናገራት አልደፈረም። በመጨረሻ መጥራቷን ተወች።

ተገኔ ያኔ ድንጋዩን ከእግሩ ላይ ጣለው። ጠጠሩ ላይ ወድቆ ቋ አለ። እንቁላል ቋ አይልም። እጥፋት ሳይሸፍነው፣ ገና ባልጠለቀችው ጀምበር ብርሃን፣ ሁሉም አየው፤ ግራጫ፣ ባሕር ያለሰለሰው፣ በአንድ ጎኑ የተሸረፈ።

«እይው አንጓች» አላት። «ልጃችንን የገደለው ይኼ ነው።»

ሹማምንቱ ሊያዩ አልወደዱም፣ ግን አዩ። ንጉሡም አየ። ልጆቼ፣ በንጉሥ ክፉ መናገር ለአሮጊት ይጣፍጣል፤ እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ቀን ንጉሡ ከሁላችን የተሻለ ነበር። ከአለቱ ወረደ። ጠጠር ላይ ሲቆም ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ድንጋዩን በምንቃሩ ነካ አደረገውና ደነገጠ።

«እኔ አላውቅም ነበር» አለ። «አባቴም አላወቀም። ክቡራኑ እንቁላል ነው ይላሉ፤ ይህ ጎልማሳ ድንጋይ ነው ይላል። እኔ ተሸክሜ ስለማላውቅ መፍረድ አልችልም። ዛሬ የጎደለባት እናቲቱ ናት፤ እሷ ትፍረድ። ድንጋይ ነው ካለች ወደ ባሕር ይጣል፣ የአደራው ረድፍ ይፍረስ፣ ከእንግዲህ ማንም የራሱን አያውርድ። ቃሌ ነው።»

ሠላሳ አራታችንም አንጓችን አየን። በልቤ በአንድ በኩል ድንጋይ ነው በይ፣ በይው፣ ገላግይን እላለሁ፤ ስንት ዓመት የታነቅኩበት ነገር ነው። በሌላ በኩል ድንጋይ ነው ካለች የእኔ ልጅ ዛሬ እንደገና ይሞታል፤ ለዚያውም ያለ ምክንያት። ከእኛ በስተኋላ ደግሞ እንቁላላቸውን እግራቸው ላይ ያደረጉ ሺዎች አንገታቸውን አስግገው ነበር። በምትመጣው ጨረቃ ተራው ከእነሱ የአንዱ ነው፤ እነሱ የሚጠብቁት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

አንጓች የቀዘቀዘውን እንቁላል ቀስ ብላ ጠጠሩ ላይ አኖረችው። ድንጋዩ ወዳለበት ሄደች። ቆማ አየችው። ስለቱን አየች፣ እኔ አይቻታለሁ። ከዚያ በምንቃሯ ጎትታ እግሯ ላይ አወጣችው፤ እጥፋቷን አለበሰችው፣ ልጅ እንደሚያለብሱ።

«እንቁላል ነው» አለች።

ተገኔ «አንጓች!» አለ።

«እንቁላል ነው። ልጄ ለድንጋይ አልሞተም። ለድንጋይ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣ፣ ዓይኑን አወጣለታለሁ።» ወደ ባሏ ተጠጋች፤ ደረቷ ደረቱን እስኪነካ። ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ያኔ ግን የማይሰማት አልነበረም። «አንተ ነህ ያወረድከው። በገዛ እግርህ ሄደህ። ስለዚህ አንተ ትነግረኛለህ። ለምን ነው ያወረድከው? ለድንጋይ?»

እኛ ፊታችንን ወደሱ አዞርን። አሁንም ጊዜ ነበር። ንጉሡ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ቃሉ አልተነሣም። ተገኔ ጠጠሩ ላይ ያለውን እንቁላል አየ። ሚስቱን አየ።

«ለእንቁላል» አለ።

ንጉሡ ራሱን ነቅንቆ ወደ አለቱ ተመለሰ። መርማሪው ደረቱን መምታት ጀመረ፣ አጃቢዎቹ ተከተሉት። ከዚያ ግን ክንፍ ከመምታት የበለጠ ነገር ተሰማ፤ እልልታ ነበር፣ ከክቡራኑ ክብ የተነሣ፤ አገሩ በሙሉ ተቀበለው። እንቁላል እግራቸው ላይ ያሉት እንኳ እየጮኹ ተቀበሉት።

እልልታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ከሁሉም ቀድሜ። ማንም አላዘዘኝም።